ስለ ትርፍ የነዳጅ ጋን፦ አውሮፕላኑን በገዛ እጁ ለሠራ ሰው

አውሮፕላኑን በገዛ እጁ የሠራ ሰው፣ ዓመታት የፈጀበትን ድካም በአየር ላይ ካየና የመጀመሪያው ደስታ ከሰከነለት በኋላ፣ ቀጥሎ የሚነሣበት ምኞት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱም መንገድ ላይ ሳያርፍ ከዚህ የበለጠ ርቆ መሄድ ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ላሜራ ቆርጦና አጥፎ ጋን ማበጀት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል መሆኑን፣ ጭንቁ ያለው ግን ነዳጁ ከጋኑ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ በሚሄድበት ፍኖትና በዚያ ፍኖት ላይ የአብራሪው እጅ መቼ ምን እንደሚያደርግ በሚወስነው ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ በዚህ መምሪያ ስለ ብየዳ ጥቂት፣ ስለ ቱቦና ስለ ቫልቭ ግን ብዙ ቢነገር አንባቢ አይደነቅ።

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የታወቀ አውሮፕላን እንያዝ። በአሜሪካ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን ከነደፋቸውና ሰዎች በየጋራዣቸው በብዛት ከሠሯቸው አንዱ አርቪ-6 የሚባለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ክንፉ ከታች የሆነ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ነው። በሁለቱ ክንፎች የፊት ጠርዝ ውስጥ በያንዳንዱ 19፣ በጠቅላላው 38 ጋሎን ወይም 144 ሊትር ያህል ነዳጅ ይይዛል። 160 የፈረስ ጉልበት ያለው የላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተር በመደበኛ የጉዞ ኃይል በሰዓት 32 ሊትር ገደማ ቢጠጣ፣ ይህ ነዳጅ አራት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ የአሜሪካ ሕግ መሬቱን በዓይኑ እያየ ለሚበር ሰው በቀን የ30 ደቂቃ፣ በሌሊት የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ እንዲይዝ ስለሚያዝ፣ በቀን ለጉዞ የሚተርፈው አራት ሰዓት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ መቀስ ማንሣት ሳይሆን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነው። ዘወትር የሚሄዱበትን መንገድ፣ በዚያ መንገድ ላይ ቤንዚን የሚገኝባቸውን ሜዳዎችና ብዙ ጊዜ የሚገጥምዎትን የፊት ነፋስ ይጻፉ፤ ከዚያም የጎደለዎትን በሊትር ያስሉ። 40 ሊትር ቢጨምሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ያገኛሉ፤ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ አውሮፕላን ይህ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ከበቂ በላይ ነው። (ከአራት ሰዓት በላይ በዚያች ጠባብ መቀመጫ የሚቀመጥ ሰው፣ ጋኑ ሳይጎድል በፊት የገዛ ሰውነቱ እንዲያርፍ እንደሚያስገድደው በትሕትና ማሳሰብ ይገባል።) በእኔ አስተያየት ትርፍ ጋን ክብሩ የሚታወቀው ጉዞን በማስረዘሙ አይደለም፤ ያሰቡበት ሜዳ በጉም ተሸፍኖ ሲያገኙት ሳይጨነቁ ወደ ሌላ ለመዞር በማስቻሉ ነው። ለዚህም ትልቅ ጋን አያስፈልግም።

ሊትሩ ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው አማራጭ ከመቀመጫው በስተጀርባ ያለው የጓዝ ማስቀመጫ ነው፤ ለመግጠም ይቀላል፣ ክንፉንም መክፈት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ክብደቱን ሁሉ ወደ ጅራት ይስባል፣ ቤንዚኑንም ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ያሳድራል። በዚህ ስፍራ የሚቀመጥ ጋን መተንፈሻውም፣ መሙያውም፣ ማፍሰሻውም ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ማሰሪያውም በአውሮፕላን ሥራ ከቀድሞ ጀምሮ እንደ ተለመደው ቢያንስ የክብደቱን 9 እጥፍ ወደ ፊት መቻል አለበት። ከነነዳጁ 32 ኪሎ የሚመዝን ጋን በግጭት ጊዜ ወደ 290 ኪሎ የሚጠጋ ሆኖ ወደ ጀርባዎ ይመጣልና፣ በጓዝ ማሰሪያ ጠፍር ብቻ የታሰረ ጋን ተገጥሟል አይባልም።

ሁለተኛው ክንፉ ነው፤ ከዋናው ጋን ወደ ውጭ ባለው ክፍል ወይም በክንፉ ጫፍ። ይህ ነዳጁን ከሰው ያርቃል፣ የክብደት ማዕከሉንም ብዙ አያናውጥም፤ በበረራ ጊዜም ክንፉ ወደ ላይ ሲጎነበስ የነዳጁ ክብደት ወደ ታች ስለሚይዘው የክንፉን ሥር ያሳርፋል። ነገር ግን መሬት ላይ በኃይል ሲወርዱ ያው ክብደት ክንፉን ወደ ታች ይሰብቀዋል፤ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ቢወድቅም ጫፍ ላይ ያለው ክብደት ሽክርክሪቱን ለማቆም ያስቸግራል፤ በተጨማሪም የክንፉን የመርገብገብ ባሕርይ ይለውጣል፣ ይህም በዓይን ታይቶ የሚገመት ነገር አይደለም። ስለዚህ በክንፍ ጫፍ ጋን የሚያስብ ሰው የንድፍ አውጪውን ቃል ሳይሰማ አንድ ቀዳዳ እንኳ አይብሳ።

ሦስተኛው ስፍራ በሞተሩና በአብራሪው መካከል ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ ብቻውን ሲበር ዋናውን ጋን ያስቀመጠው በዚህ ስፍራ ነበር፤ 1,700 ሊትር ገደማ የሚሆነው ጠቅላላ ነዳጅ እየተቃጠለ ሲያልቅ የአውሮፕላኑ ሚዛን እንዳይዛባ፣ እርሱም ቢወድቅ በሞተሩና በጋኑ መካከል ተጨፍልቆ እንዳይቀር አስቦ። ዋጋውም ፊት ለፊቱን ሳያይ፣ በጎን መስኮትና በአንዲት ፔሪስኮፕ እየተመለከተ 33 ሰዓት ተኩል መብረር ሆነ። እኛ ግን ውቅያኖስ ለመሻገር አልተነሣንም፤ ንድፍ አውጪው ራሱ እዚያ ካልሣለው በቀር፣ በግጭት ጊዜ ትኩስ ሞተር የሚመጣበትን ስፍራ ለነዳጅ አንመርጥም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ፣ አሁንም መቀስ ሳይነሣ፣ የክብደት ማዕከሉን ያስሉ። የአቪዬሽን ቤንዚን አንድ ሊትሩ 0.72 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 40 ሊትር እንግዲህ 28.8 ኪሎ ነው። ለምሳሌ አውሮፕላንዎ ከነሰውና ከነነዳጁ 680 ኪሎ ቢመዝን፣ ማዕከሉም ከመለኪያው መነሻ 200 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ጋኑንም 300 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያስቀምጡ፣ 680ን በ200፣ 28.8ን በ300 አባዝተው ድምሩን ለ708.8 ሲያካፍሉ 204 ይመጣል፤ ማዕከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የተፈቀደው ወሰን በጠቅላላው ጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ለሆነ አውሮፕላን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማዕከሉ ከኋላ ወሰን ያለፈ አውሮፕላን መሪው በእጅ ውስጥ ይቀልላል፣ አፍንጫውም በትንሽ ንክኪ ይነሣል፤ ክንፉ ማንሣት ካቆመም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ለማዳን እምቢ ሊል ይችላል።

ብዙ ሠሪ የሚዘነጋው ደግሞ ሒሳቡ በሚነሡበት ሰዓት ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን ነው። የክንፉ ነዳጅ ፊት፣ ትርፉ ጋን ኋላ ከሆነ፣ የክንፉን አስቀድመው ቢጨርሱ አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ሰዓት ከተነሣበት ይልቅ ጅራተ ከባድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ብቻዎን ሲሆኑ፣ ከመንገደኛ ጋር ሲሆኑ፣ ትርፉ ሞልቶ የክንፉ ሲጎድል፣ ሁለቱም ሲያልቁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አስልተው በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። አንዱ እንኳ ከወሰን ውጭ ከወጣ ጋኑ ይነስ ወይም ይቅረብ።

ጠቅላላ ክብደቱም ንድፍ አውጪው ከወሰነው አይለፍ፤ ለአርቪ-6 ይህ 1,600 ፓውንድ ወይም 726 ኪሎ ነው። በብሪታንያ ለአብራሪዎች የሚሰጠው የጥንቃቄ ምክር ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር ለመነሣት የሚያስፈልገው ርቀት በ20 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል፤ እንደ ደንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ፣ ከዚያም አልፎ እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ መሳሳት በዚህ ላይ ተጨምሮ የሚያስፈልገውን መንደርደሪያ ያስረዝመዋል።

አሁን ወደ ጋኑ ሥራ እንምጣ። የሚበየድ ጋን ከሆነ 5052 ወይም 3003 የተባለው አሉሚኒየም ይሻላል፤ ለክንፍ ቆዳ የሚያገለግለው 2024 በሪቬት እንጂ በብየዳ አይያዝም። ከፋይበርግላስ የሚሠሩ ከሆነ፣ ኢታኖል የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን አንዳንዱን ሙጫ አለስልሶ እንደሚበላ አስቀድመው ይወቁ። ነዳጁ በጋኑ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እንዳይናጥ መሀሉን ቀዳዳ ባላቸው ግድግዳዎች ይክፈሉ፤ በዝቅተኛው ስፍራ ውሃና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳና የማፍሰሻ ቫልቭ ያብጁ፤ መውጫውን ከጎድጓዳው ትንሽ ከፍ አድርገው የጣት ቅርጽ ያለው የሽቦ ወንፊት ይግጠሙበት። ጋኑ እስከ አፉ አይሞላም፤ ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ2 በመቶ ገደማ ስለሚነፋ፣ ይህን የሚያህል ባዶ ስፍራ ከላይ ይቀር ዘንድ የመሙያውን አንገት ዝቅ አድርገው ይግጠሙት። የተበየደ ወይም በማስቲሽ የታሸገ ጋን ቢያፈስ፣ ውስጡን በፈሳሽ ቀለም ቀብቶ ለማዳን የሚደረገውን የቀድሞ ልማድ አልመክርም፤ ያ ቀለም ከዓመታት በኋላ እየተላጠ በወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ሞተር ያስቆመባቸው ጊዜያት አሉ። የሚያፈሰው ስፍራ ተከፍቶ እንደገና ይታሸግ።

መፍሰስ አለመፍሰሱ የሚታወቀው በፊኛ ነው። መሙያውንና መውጫውን ይድፈኑ፤ በመተንፈሻው አፍ ላይ የልጆች መጫወቻ ፊኛ በላስቲክ አጥብቀው ያስሩ፤ ከዚያ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ቀስ እያሉ ፊኛው እስኪቆም ድረስ አየር ይስጡት። የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየነከሩ በየመጋጠሚያውና በየሪቬቱ ራስ ዙሪያ ይቀቡ፤ ከዚያ ሳይቸኩሉ፣ ፋኖስ አስጠግተው ይመልከቱ። ትልቁ ቀዳዳ ወዲያው ይፈላል፤ አስቸጋሪው ያ አይደለም፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል አንዲት አረፋ በአንድ ሪቬት ጥግ ቀስ ብላ ታብጥና ትፈነዳለች፣ ከደቂቃ በኋላም በዚያው ስፍራ ሌላዋ ትወለዳለች፤ እርሷ ናት ከዓመት በኋላ በክንፉ ሥር ሰማያዊ የቤንዚን ዕድፍ የምትተወው። ፊኛው ሌሊቱን ይደር፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ትንሽ ቢሟሽሽ አይደንግጡ፣ ቀኑ ሲሞቅ የሚመለስ ከሆነ ጋኑ ደኅና ነው። በምንም ምክንያት ግን የጋራዥ ኮምፕረሰር አያገናኙ። በአንድ ስኩዌር ኢንች 1 ፓውንድ ግፊት እንኳ 50 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ 5 ፓውንድ ቢደርስ ደግሞ አንድ ቶን ነው፣ ጋኑም ያብጣል ወይም ይቀደዳል።

መተንፈሻው የራሱ ቱቦ ይኑረው። ከጋኑ ከፍተኛ ስፍራ ተነሥቶ፣ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከዚያ ከክንፉ ወይም ከአካሉ ሥር አፉን ወደ ፊት አዙሮ ይውጣ፤ ነፍሳት ጎጆ እንዳይሠሩበትም በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። የተደፈነ መተንፈሻ ያለው ጋን ነዳጁ ሲመጠጥ ይጨመደዳል፣ ቀጥሎም ነዳጁ ይቆማል፤ መለኪያው ግን ገና ሙሉ ነው እያለ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ የሥራው ልብ ይመጣል፤ ትርፉ ነዳጅ በየት በኩል ወደ ሞተሩ ይድረስ? ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ትርፉን ጋን በቀጥታ ወደ መምረጫው ቫልቭ አምጥቶ እንደ ሦስተኛ ጋን ማድረግ ነው። ሁለተኛው በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከትርፉ ወደ ዋናው ጋን ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሞተሩ ዘወትር የሚጠጣው ከሚታወቀውና ከተፈተነው ጋን ስለሚሆን፣ ፓምፑ ቢሞት እንኳ የሚቀረው ትርፉ እንጂ ዋናው አይደለም። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ክንፉ ከታች በሆነ አውሮፕላን ላይ ሁለት ጋን በአንድ ጊዜ የሚከፍት የቫልቭ ስፍራ አይሥሩ። ነዳጅ በራሱ ክብደት በሚወርድበት ከላይ ክንፍ ባለው አውሮፕላን ይህ ይቻላል፤ ፓምፕ በሚስብበት ግን ከሁለቱ ጋን አንዱ ቀድሞ ባዶ ሲሆን ፓምፑ ከዚያ በኩል አየር መሳብ ይጀምራል፣ ሌላው ጋን ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ይጠፋል።

በማስተላለፊያው መስመር ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭና ከፓምፑ በፊት ፊልትሮ ይግጠሙ። ቱቦው ለስላሳ የአሉሚኒየም ሆኖ ጫፉ በአውሮፕላን ልክ በ37 ዲግሪ ይከፈት፤ የመኪናው 45 ዲግሪ ነው፣ ሁለቱ ቢገጣጠሙም አይታሸጉም። ዋናው ጋን እንዳይሞላና ትርፉ በመተንፈሻው ወደ ሰማይ እንዳይፈስ ደግሞ ይህን ሒሳብ ይሥሩ፦ ፓምፑ በሰዓት 60 ሊትር ቢያስተላልፍ 40 ሊትሩ በ40 ደቂቃ ያልቃል፤ በዚሁ ጊዜ ሞተሩ ከዚያው ዋና ጋን ቢጠጣ 21 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ስለዚህ ማስተላለፍ ሲጀመር በጋኑ ቢያንስ 19 ሊትር ባዶ ስፍራ ሊኖር ይገባል። ሞተሩ ከሌላው ክንፍ የሚጠጣ ከሆነ ግን 40ው ሁሉ ስፍራ ይፈልጋል። የፓምፑ ማብሪያ መብራት ይኑረው፤ የተረሳ ፓምፕ ደርቆ እንዲሠራ አይተውት።

ስለ መምረጫው ቫልቭ እጄታ ስፍራ አንድ የታወቀ ሐዘን አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ዘፋኙ ጆን ደንቨር በካሊፎርኒያ በሞንትሬይ የባሕር ወሽመጥ የወደቀበት አውሮፕላን በግለሰብ የተሠራ ሎንግ-ኢዚ ነበር። በንድፍ አውጪው ሥዕል እጄታው በአብራሪው እግሮች መካከል ሲሆን፣ ሠሪው ግን ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አዛውሮት ነበር፤ ምልክትም አልነበረበትም፣ የነዳጁ መለኪያም ከፊት መቀመጫ በቀላሉ አይታይም ነበር። የአሜሪካ መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ አብራሪው ወደ ኋላ ዞሮ እጄታውን ለመያዝ ሲታገል ሳያስበው የቀኙን ፔዳል ረግጦ አውሮፕላኑን ከቁጥጥር አወጣው። ስለዚህ መቀመጫዎ ላይ ታስረው ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አንገትዎን ሳያዞሩ እጄታውንና የፓምፑን ማብሪያ ይንኩ። ካልደረሱበት ስፍራው ይለወጥ።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ የመሬት ፈተናው ይከተላል። አውሮፕላኑን ከቤት አውጥተው ከእሳት ርቀው፣ አካሉንና የመቅጃውን ዕቃ በሽቦ አገናኝተው፣ ጅራቱን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው ወይም አፍንጫውን በመወጣጫ አንሥተው፣ በጣም ቀጥ ብሎ ሲወጣ የሚኖረውን አቋም ያስይዙት። በዋናው ጋን ጥቂት ነዳጅ ብቻ ያስቀሩ፤ ቱቦውን ከካርቡረተሩ ፈትተው በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ያስገቡና በፓምፑ ያስፈስሱ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ከሚጠጣው ቢያንስ 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ነዳጅ በክብደቱ ብቻ ለሚወርድበት አውሮፕላን ደግሞ 150 በመቶ። ሙሉ ኃይሉ በሰዓት 50 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር የመጀመሪያው ልክ በደቂቃ ከ1 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ፍሰቱ ሲቋረጥ በጋኑ የቀረው የማይገኝ ነዳጅ ስለሆነ ለክተው ከጠቅላላው ይቀንሱት። ከዚያ ትርፉን ጋን በ5 በ5 ሊትር እየሞሉ መለኪያው በየደረጃው የሚያሳየውን ይጻፉ፤ ፋብሪካ ያሳተመውን ሳይሆን ይህን ዝርዝር ይመኑ።

በሕግ በኩል፣ በአሜሪካ ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ በግለሰብ እጅ የተሠራ አውሮፕላን በሙከራ ምድብ ሲመዘገብ የሚሰጠው የአሠራር ገደብ አለ። እንዲህ ያለ ለውጥ እንደ ዐቢይ ለውጥ ስለሚቆጠር፣ የአቅራቢያው የፌዴራል አቪዬሽን ቢሮ እንዲያውቀው ይደረጋል፣ አውሮፕላኑም ሰው በማይበዛበት አካባቢ፣ መንገደኛ ሳይጫን፣ በአብዛኛው ቢያንስ 5 ሰዓት እንደገና ይፈተናል። የእርስዎን ገደብ አውጥተው ቃል በቃል ያንብቡት። ፈተናው በባዶ ትርፍ ጋን ይጀመር፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከዚያ በሙሉ፤ ኃይል እየቀነሱ ክንፉ ማንሣት የሚያቆምበትን ፍጥነት በየደረጃው ከፍ ብለው ይመልከቱ። ውጤቱም፣ አዲሱ ባዶ ክብደትና ማዕከልም በመዝገቡ ይግባ፤ በመሙያው አጠገብ የነዳጁ ዓይነትና በእርግጥ የሚገኘው ሊትር ይጻፍ።

በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ትርፉን ነዳጅ ለመጨረሻ አያቆዩት። ዋናው ጋን ስፍራ እንደ ለቀቀ፣ ገና ሜዳዎች በቅርብ ሳሉ፣ ከውሃና ከተራራ በፊት ያስተላልፉት፤ መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ መነሣት ካልጀመረ ፓምፑን ያጥፉ፣ ትርፉን እንደሌለ ቆጥረው በክንፉ በቀረው ነዳጅ ብቻ ወደሚደርሱበት ሜዳ ይታጠፉ።